ባለ አንድ ጥይቱ ውጅግራ

ያገራችን ሰው የፈረንጅ ጠመንጃ ስም የሚጠራው ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ነው። ስናይደር ሰናድር ሆነ፣ ማንሊኸር ምንሽር ተባለ፣ ለቤልም ለበን። ከሁሉም ይበልጥ መልኩ የተለወጠው ግን «ፉዚ ግራ» ነው። በፈረንሳይኛ «የግራ ጠመንጃ» ማለት ሲሆን፣ ግራ እዚህ ላይ የቀኝ ተቃራኒ ሳይሆን ጠመንጃውን የነደፈው መኮንን የባዚል ግራ የቤተሰብ ስም ነው። ሁለቱ ቃላት በአፍ ሲፋጩ ኖረው ውጅግራ ወጣቸው። ስሙን በፉከራና በቀረርቶ ያልሰማ ጥቂት ነው። ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ፣ ዝሆን ፊት ይዘውት ሲቆሙ ምን ያህል እንደሚያስተማምን የሚያውቅ ግን እየሳሳ ሄዷል።

ውጅግራ የሽንፈት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ፈረንሳይ ከፕሩሲያ ጋር ስትዋጋ ወታደሮቿ የታጠቁት ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ ነበር። ሻስፖ ርቆ በመምታት አይታማም፤ ጥይቱ ግን በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድና አረር ነው። ወረቀት ይረጥባል፣ ይቀደዳል። ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚይዘውም የጎማ ቀለበት ስለሆነ ደጋግሞ ሲተኮስ ይበላሻል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግራ ሻስፖን ወሰደና የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ ለወጠው፤ ሠራዊቱም እ.ኤ.አ. በ1874 ተቀበለው። ናስ ባሩዱ ሲፈነዳ ይለጠጥና ጉሮሮውን ይደፍናል፣ ወዲያው መለስ ይልና በቀላሉ ይወጣል። የጎማው ጣጣ በዚህ ቀረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መዝጊያው እንደ በር መቀርቀሪያ ነው፤ እጀታውን ወደ ላይ ያነሡታል፣ ወደ ኋላ ይስቡታል፣ አንዲት ጥይት ያጎርሱታል፣ ወደፊት ገፍተው ወደ ቀኝ ያጋድሙታል። የተጋደመው እጀታ ራሱ ቁልፍ ነው፤ የፍንዳታውን ግፊት የሚችለው እሱ ነው። ቃታው ሲሳብ በሞላ የተወጠረው መርፌ ከቀለሁ ቂጥ ያለውን ካፕሱል ይመታል። ጥይት የሚያከማች ጎተራ የሚባል ነገር የለውም። ሁለተኛ ጥይት ለመተኮስ ይህንኑ ሁሉ እንደገና ነው።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን ረጅሙ ሳንጃ ሲሰካበት ከ1 ሜትር ከ80 ያልፋል፤ ብዙውን ተኳሽ በቁመት ይበልጠዋል ማለት ነው። ክብደቱ አራት ኪሎ ከምናምን ነው። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር፣ አረሩ 25 ግራም እርሳስ፣ ከኋላው የሚገፋው ደግሞ አምስት ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ። አረሩ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል እየፈጠነ ነው። ዛሬ ካሉት ጠመንጃዎች ጋር ሲተያይ አዝጋሚ ነው፤ ነገር ግን ለስላሳ እርሳስ ሥጋ ሲያገኝ እየተንጣለለ ይገባልና ቁስሉ ሰፊ ነው።

የሠራዊት ዕድሜው አጭር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ይህንኑ ባሩድ የሚተኩሰው ለበን መጣ። የሚገርመው፣ የለበን ቀለህ የተሠራው የውጅግራን ቀለህ አንገት በማጥበብ ነው፤ ልጅ አባቱን ከሥራ አስወጣው እንደማለት። (ጥይቱ ግን በቀላሉ አልሞተም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን የቅኝት ፊኛ በእሳት ለማጋየት 11 ሚሊሜትሯ ተፈልጋ አውሮፕላን ላይ በተጠመደ መትረየስ ተተኩሳለች።) በመቶ ሺህ የሚቆጠር ውጅግራ ባንድ ጊዜ ትርፍ ሆነ፤ ትርፉ ገዢ ፈለገ፤ ገዢውም ከቀይ ባሕር ማዶ አልጠፋም። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በግመል ተጭኖ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ወጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነበር። ያንን ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው ወደ ዱሩ ልለፍ።

ዝሆንን ተጠግቶ መጣል በሦስት መንገድ ተሞክሯል። አንደኛው የሰይፍ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ወደ ሰቲት ወንዝ አካባቢ በመጣ ጊዜ ሐምራን የሚባሉ ፈረሰኞች ዝሆኑን ፊት ለፊት በፈረስ እያባበሉ፣ ሌላው ከኋላ ወርዶ የእግሩን ጅማት በሰይፍ ሲበጥስ አይቷል። ሁለተኛው የቤከር የራሱ መንገድ ነው፦ ግዙፍ ጠመንጃ።  የቤከሩ ዘጠኝ ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ግማሽ ፓውንድ የሚፈነዳ አረር የሚተፋ ነበር። እሱ «ሕፃኑ» ብሎ ሰየመው፤ ዐረቦች ተከታዮቹ ግን «የመድፍ ልጅ» አሉት፤ የእነሱ ስም የተሻለ ይመስለኛል። በተተኮሰ ቁጥር ባለቤቱን እንደ ነፋስ አመልካች ያዞረው ስለነበር ቤከር እምብዛም አይደፍረውም ነበር።

ሦስተኛው የውጅግራ መንገድ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ውጅግራ የዝሆን ጠመንጃ አይደለም። ሰው ለመግደል የተሠራ የእግረኛ ወታደር መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የለንደኑ ሪግቢ ለትልልቅ አውሬ ያወጣው ባለ ጭስ አልባ ባሩድ ጥይት 31 ግራም አረር በሴኮንድ 655 ሜትር ይወረውራል፤ ጉልበቱ ከ6,600 ጁል ያልፋል። የውጅግራው 2,500 ገደማ ነው። ከእጥፍም በላይ ይለያያሉ ማለት ነው። ለስላሳው የውጅግራ እርሳስ ደግሞ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረውን፣ ግን እጅግ የሚወፍረውን የዝሆን ግንባር አጥንት ሰብሮ አንጎል ጋ ለመድረስ የተመቸ አልነበረም።

ታዲያ እንዴት ተገደለበት? በብዛትና በመቅረብ። አዳኞቹ ተሰባስበው ይወጣሉ፣ ነፋሱን ከፊታቸው አድርገው ይጠጋሉ፣ ከጆሮው ኋላ ወይም ከብብቱ በኩል ያነጣጥራሉ፣ አንዱ ሲያጎርስ ሌላው ይተኩሳል። የአንዱ ጠመንጃ አንድ ጥይት የጎደለውን የሰው ቁጥር ይሞላዋል። ጥቁር ባሩድ ሲተኮስ ነጭ ጭስ እንደ ጋቢ ከፊት ይዘረጋል፤ ጭሱ እስኪገፈፍ ዝሆኑ ወድቆ ይሁን ወይስ እየመጣ አይታወቅም። ለእኔ የድሮ ገዳይ ድፍረት የሚለካው በዚያ ጭስ ውስጥ በሚቆጠሩት ሴኮንዶች ነው። ዝሆን የጣለ ሰው በጆሮው ላይ ጉትቻ የማንጠልጠል መብት ያገኝ የነበረው፣ ጥርሱ ገበያ ላይ ወርቅ ስላወጣ ብቻ አልነበረም።

ጉልበት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ሌላ ሰውም አለ። ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ በአፍሪካ ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን የገደለው ከውጅግራ እጅግ በጠበበች በ7 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው። የእሱ ጥይት ጠንካራ ቅርፊት የለበሰችና በጥልቀት የምትገባ ስትሆን፣ ሰውየውም የዝሆንን የራስ ቅል አጥንት በአጥንት ያጠና ነበር። በውጅግራ ቤልን ልምሰል ያለ ግን ደጃፉን ሳያይ የሚቀር ይመስለኛል።

ከጠመንጃው ይልቅ ያስጨንቅ የነበረው ጥይቱ ነው። ጠመንጃ አንዴ ከተገዛ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ጥይት ግን ያልቃል። ስለዚህ ዋጋ ነበራት፤ ከአሞሌ ጨውና ከጠገራ ብር ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ገበያ ትዞር ነበር። የተተኮሰ ቀለህም አይጣልም ነበር። ባሩድና አረር እንደገና ሞልቶ ማጉረስ ይቻላል። ዝናሩ ሙሉ የሆነ ሰው ወገቡ ላይ ገንዘቡን ታጥቆ ይሄድ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ኢላማ ለመለማመድ ብሎ መተኮስም ብር እንደ መበተን ነበር።

ዛሬ ሀገር ቤት ውጅግራ የቤተሰብ ቅርስ ሆኖ የተቀመጠበት ቤት ቢኖርም፣ መሣሪያ መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ዝሆኑም ቢሆን የሚታደንበት ዘመን አልፏል። ለእሱ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1970 የተከለለው የባቢሌ መጠለያ ራሱ ዝሆኖቹን ለመጠበቅ እየታገለ ነው። ውጅግራ አሁን በብዛት የሚተኮሰው አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ፣ በወረቀት ኢላማ ላይ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ ክፍለ ግዛቶቹ ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸውና መጠየቅ ይበጃል።

የሚተኩሰው ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የያዘው ውጅግራ መሆኑን ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነት የተወሰኑት ቱቦ ተለውጦላቸው የለበንን ጥይት እንዲተኩሱ ተደርገዋል፤ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ውስጣቸው ተልጎ የወፍ ማደኛ ሆነዋል። ከውጭ ሲታዩ ሁልጊዜ አይለዩም። ስለዚህ ጠመንጃ የሚያውቅ ባለሙያ የጉሮሮውን ልክ ሳይወስድ ጥይት ማጉረስ አይገባም። ሁለተኛው፣ ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው። ጭስ አልባው ግፊቱ ሌላ ስለሆነ በልምድ ተገምቶ ቢሞላ የ150 ዓመቱን ብረት ተኳሹ ፊት ላይ ሊበትነው ይችላል።

ሲተኮስ እንደ ዘመኑ ጠመንጃ ትከሻን በጥፊ አይመታም፤ ረጋ ብሎ፣ ከብዶ ይገፋል። ድምፁም ከመሰንጠቅ ይልቅ ያጓራል። የድኝ ሽታ እንደ ተበላሸ እንቁላል አፍንጫ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ሰው የሚሰላቸው ነው። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረት ያዝጋል፤ ዘይት ብቻውን አያጥበውም። ሙቅ ውኃ በሳሙና፣ በዘንግ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ በመጨረሻ ዘይት። ይኸውም በዚያው ቀን፤ ነገ ከተባለ ዝገቱ ይቀድማል።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ የሰብሳቢዎች ገበያ ላይ ታይተዋል፤ ውጅግራም አለባቸው። ከፈረንሳይ በቀጥታ ከመጡት የሚለዩበት ምልክት አላቸው። እንጨታቸው በእጅ ብዛት ለስልሶ ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሰደፉ ወደ ቃታው የሚወስደው ቀጭን አንገት ላይ በጠፍር ተጠፍሯል። እርጥብ ቆዳ ተጠምጥሞ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ይይዘዋል፤ ተተኪ እንጨት በሌለበት አገር የተገኘ ብልሃት ነው። አሁን የገዛው ሰው ሁለት ልብ ይሆናል። ጠፍር ካለ ከሥሩ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል፤ ስንጥቁን ሳያዩ መተኮስ አደጋ ነው። ለማየት ደግሞ ጠፍሩ መፈታት አለበት፤ የደረቀ ጠፍር ተፈትቶ እንደነበረ አይመለስም። እኔ ብሆን አልፈታውም፤ አልተኩሰውምም።