ድመቷ የምታውቀው፣ ሰው የማይሰማው፦ ስለ ቤተኛ የምስጢር ልብ ወለድ

ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ዛሬ የምናገርለት የልብ ወለድ ዘርፍ በሥነ ጽሑፍ ጥናት ዘንድ እምብዛም የክብር ወንበር አይሰጠውም። በውስጡ አንድ አስከሬን፣ ሙያዋ ምርመራ ያልሆነ አንዲት ሴት፣ አንዲት ድመትና ብዙ ሻይ ይገኛሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኮዚ ሚስትሪ» ይሉታል፤ «ኮዚ» የሚለው ቃል በብርድ ቀን ሞቅ ያለና ለመቀመጥ የሚመች ቤት የሚሰጠውን ስሜት ያመለክታል። እኔ «ቤተኛ የምስጢር ልብ ወለድ» እለዋለሁ፤ በዚህ ዓይነቱ ታሪክ ገዳዩም፣ ሟቹም፣ መርማሪዋም የአንድ ሰፈር ቤተኞች ናቸውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ድመቷ እዚያ ምን ትሠራለች? ብዙ አንባቢ «ታስቃለች፣ የመጽሐፉንም ሽፋን ታሳምራለች» ብሎ ያልፋታል። እኔ ግን ድመቷ ከባድ ሥራ እንደ ተሰጣት አምናለሁ። እውነቱን እያወቀ ቃሉ የማይቆጠርለት ምስክር በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ይህ ዘርፍ የሚያነሣው በእርሷ በኩል ነው።

በመጀመሪያ የዘርፉን ሥርዓት እንመልከት። ግድያው ከመጋረጃ በስተጀርባ ይፈጸማል፤ ደሙ አይታይም። ቦታው ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ትንሽ መንደር ነው። መርማሪዋ ማዕረግም፣ መሣሪያም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም የላትም። በመጨረሻም እውነቱ በሁሉም ፊት ይገለጣል፤ የተናጋው ሰላምም ይመለሳል። የዚህ ሥርዓት ታላቅ ባለሙያ አጋታ ክሪስቲ ናት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች፤ ስለ መርዝ ያላት ጥልቅ ዕውቀትም ከዚያ የመነጨ ነው። መርዝ ደግሞ ለዚህ ዘርፍ የተመቸ መሣሪያ ነው፤ አይጮኽም፣ ምንጣፍ አያበላሽም፣ በሻይ ስኒም ይቀርባል።

ክሪስቲ በ1930 ባሳተመችው «ግድያ በካህኑ ቤት» በተሰኘው ልብ ወለድ ሚስ ማርፕልን ሴንት ሜሪ ሚድ በተባለች ምናባዊ የእንግሊዝ መንደር አስቀመጠቻት። ሚስ ማርፕል ያላገባች አሮጊት ናት፤ ሹራብ ትሠራለች፣ አትክልቷን ትኰተኵታለች፣ የጎረቤት ወሬ ትሰማለች። ስልቷም ቀላል ነው። አንድ ተጠርጣሪ ስታይ በመንደሯ የምታውቀውን ሌላ ሰው ታስታውሳለች፤ ያ ሰው ያደረገውን ትንሽ ማታለል ከዚህኛው ትልቅ ወንጀል ጋር ታስተያያለች። ኀይሏ ግን ከስልቷ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ሰዎች በፊቷ ሳይጠነቀቁ ይናገራሉ፤ ሹራብ የምትሠራን አሮጊት ማን ይፈራል? መናቋ የምርመራ ፈቃዷ ሆነላት።

እዚህ ላይ ዘርፉ ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛው የመብት ችግር ነው። ፖሊስ ይፈትሻል፣ ይጠራል፣ ያስራል፤ ተራዋ ሴት ግን የሰው በር ለማንኳኳት እንኳ ምክንያት ያስፈልጋታል። ሁለተኛው የሐቀኝነት ችግር ነው። ራሱ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የነበረው የካቶሊክ ካህን ሮናልድ ኖክስ በ1929 ለዘርፉ ዐሥር ሕጎች አወጣ። ከእነዚህም አንዱ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኀይል ምስጢሩን እንዳይፈታ ይከለክላል፤ ሌላው መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ከአንባቢው እንዳይሰወር ያዝዛል። መፍትሔው በማሰብ እንጂ በመገለጥ መምጣት የለበትም ማለት ነው።

ይህን ሕግ ለእኛ አድማጭ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻኝም። በአገራችን በአንድ ወቅት «ሌባ ሻይ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጠውና በመንደሩ ውስጥ ይለቀቃል፤ ልጁ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ምስክር የለም፣ ማስረጃ የለም፣ መከራከሪያም የለም። ኖክስ ከልብ ወለድ ያባረረው የዚህን ዓይነቱን ፍርድ ነው። ከሌባ ሻይ ጎን ግን ሌላ ሥርዓት ነበረን፤ አውጫጭኝ። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅም ጉባኤው አይበተንም። የሚያውቀውን በአደባባይ ለመናገር የሚፈራ ሰው «ወፍ» ለሚባለው ሰው ይነግራል፤ ወፉም የነጋሪውን ስም ሳያወጣ ቃሉን ያደርሳል። በክሪስቲ ልብ ወለዶች መጨረሻ ተጠርጣሪዎች በአንድ ሳሎን ሲሰበሰቡ ያነበበ ሁሉ ይህን ሜዳ ያስታውሳል። ስሙም ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰው በስሙ ሊናገረው የማይደፍረውን እውነት እንዲሸከም የተመረጠው ስም የእንስሳ ስም ነው።

አሁን ወደ እንስሳቱ እንምጣ። ኤድጋር አለን ፖ በ1843 ባሳተመው «ጥቁሩ ድመት» በተሰኘ አጭር ልብ ወለድ አንድ ሰው ሚስቱን ገድሎ አስከሬኗን ከምድር ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ይገነባዋል። ፖሊሶች መጥተው ምንም ሳያገኙ ሊሄዱ ሲሉ ገዳዩ በትዕቢት የግድግዳውን ጥንካሬ እያወደሰ ይመታዋል። ከውስጥ ጩኸት ይሰማል፤ ሳያውቅ ድመቱንም አብሮ ገንብቶት ኖሯል። ያ ድመት መስክሯል፤ መመስከሩን ግን አያውቅም። በ1892 ደግሞ አርተር ኮናን ዶይል ከሼርሎክ ሆልምስ ታሪኮች በአንዱ አንድ ውሻ በዝምታ እንዲመሰክር አደረገ። ፈረሱ ከጋጣ በተወሰደበት ሌሊት ውሻው አልጮኸም፤ ስለዚህ የገባው ሰው ለውሻው እንግዳ አልነበረም።

ሊሊያን ጃክሰን ብራውን የተባለችው አሜሪካዊት ጋዜጠኛ በ1966 አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። በዚያ ዓመት በጀመረችው ተከታታይ ልብ ወለድ ክዊለራን የተባለ ጋዜጠኛ ኮኮ ከሚባል የሲያም ድመት ጋር ይኖራል። ኮኮ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይጥላል፣ ነገር ያሸታል፣ ያልተፈቀደ ቦታ ይቧጥጣል፤ ክዊለራንም ከዚህ ፍንጭ ያገኛል። ደራሲዋ ሦስት መጻሕፍት ካሳተመች በኋላ ዝም ብላ እስከ 1986 ቆየች፤ ከዚያ ግን ተከታታዩን ቀጥላ ቊጥሩን ወደ 29 አደረሰችው። የመጨረሻው መጽሐፍ ርእስ ስድሳ ጢም ስላለው ድመት ይናገራል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ዘርፉ በኖክስ ሕግ ዳር ላይ ይራመዳል። ድመቱ በእርግጥ ያውቃል ወይስ መጽሐፉን የጣለው ስለ ሰለቸው ነው? ደራሲዋ ቊርጥ መልስ አትሰጥም፤ ቀልዱም፣ ሕጉን ከመጣስ የሚያድናትም ይህ ነው። ኮኮ ጠቋሚ እንጂ ሌባ ሻይ አይደለም፤ ማሰቡ የሰውዬው ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

ለዛሬው ርእሴ ዋናዋ ምሳሌ ግን ሪታ ሜይ ብራውን ናት። በ1990 በጀመረችው ተከታታይ ልብ ወለድ ሽፋን ላይ የተባባሪ ደራሲዋ ስም «ስኒኪ ፓይ ብራውን» ተብሎ ተጽፏል፤ ስኒኪ ፓይ የደራሲዋ ድመት ናት። ታሪኩ የሚፈጸመው በቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው ክሮዜ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። መርማሪዋ ሃሪ የምትባል የፖስታ ቤት ኀላፊ ስትሆን ሚስስ መርፊ የተባለች ድመትና ታከር የተባለች ውሻ አሏት። የሙያው ምርጫ ብልህነት የተሞላበት ነው። ፖስታ ቤት የመንደሩ ሁሉ ደጃፍ ነውና ሃሪ የማንንም በር ማንኳኳት አያሻትም፤ ሁሉም ወደ እርሷ ይመጣል። ፖስት ካርድ ደግሞ ያለ ፖስታ የሚላክ ስለሆነ ታነበዋለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ የመቃብር ሐውልት ሥዕል ያለባቸውና «ምነው እዚህ በነበርክ» የሚል ቃል የተጻፈባቸው ካርዶች ይመጣሉ፤ የተላከላቸውም ሰዎች ይሞታሉ። በካርዶቹና በሞቱ መካከል ያለውን ዝምድና ቀድማ የምታየው ይህች የሰው ደብዳቤ አንባቢ ናት።

በዚህ ተከታታይ ልብ ወለድ እንስሳቱ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ አንባቢውም ይሰማቸዋል። ሰዎቹ ግን ከሚያው በቀር የሚሰሙት የለም። ሚስስ መርፊ ሰው ሊያሸተው የማይችለውን ታሸታለች፤ ሮጣ መጥታ ለባለቤቷ ትነግራታለች፤ ባለቤቷም «ርቦሽ ነው?» ብላ ምግብ ታቀርብላታለች። ድመቷ ምግቡን ትበላለች፤ እውነቱ ግን እዚያው ይቀራል። ይህ ያስቃል። የሚያስቀን በሚታወቀውና በሚሰማው መካከል ያለው ርቀት ነው። ያው ርቀት ግን ያስፈራል፤ ገዳዩ በሚቀጥለው ገጽ በዚያው ፖስታ ቤት ገብቶ ደኅና ዋላችሁ ይላልና። በዚህ ዘርፍ ሳቁና ፍርሃቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

የጉዞውን መሥመር ልብ ብላችሁ ይሆናል። የፖ ድመት ሳያውቅ ጮኸ፤ የዶይል ውሻ ዝም በማለት መሰከረ፤ ኮኮ በምልክት ጠቆመ፤ ሚስስ መርፊ እያወቀች በግልጽ ተናገረች፤ ሰሚ ግን አጣች። እንስሳው ይበልጥ ባወቀ ቊጥር የሰው ልጅ ጆሮ ይበልጥ የደነቆረ መስሎ ይታያል። አማርኛችን የማይረባ ምስክርን ሲነቅፍ «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይላል። ይህ ዘርፍ «ድንቢጧ እውነቱን አይታ እንደ ሆነስ?» ብሎ ይጠይቃል።

በዘርፉ ላይ የሚሰነዘር ብርቱ ወቀሳ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ፍትሐዊ አልሆንም። ሞትን መዝናኛ ማድረግ ተገቢ ነውን? ባለቅኔው ደብልዩ. ኤች. ኦደን በ1948 ባሳተመው ድርሰት ስለ ወንጀል ልብ ወለድ ሲጽፍ አንባቢው የሚፈልገው ወደ ንጽሕና የመመለስን ሕልም ነው ብሎ ተከራክሯል። አንድ በደለኛ ይወገዳል፤ የቀረነው ሁሉ ንጹሓን ሆነን እንገኛለን። የወቀሳውን ግማሽ እቀበላለሁ። ገዳዩ ተይዞ ሁሉም ወደ ሻዩ ሲመለስ የሟቹ ወንበር ባዶ መሆኑን የሚረሱ ብዙ መጻሕፍት አሉ። ነገር ግን በተሻሉት መጻሕፍት ሳቁ በሟቹ ላይ አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሁሉን አውቃለሁ በሚለው ሹም፣ በምርመራው መኰንን፣ አንዳንዴም በራሷ በመርማሪዋ ላይ ነው። ንጽሕናንም ድመቷ ራሷ ታፈርሰዋለች። ስለ ሰው ልጅ ጭካኔ ረጅም ትችት የሰጠች ድመት ወዲያው አይጥ ልታድን ትወጣለች፤ ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳም። በምርመራው ቡድን ውስጥ አንዲት ነፍሰ ገዳይ መኖሯን ያላስተዋለ አንባቢ ግማሹን ቀልድ አምልጦታል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለምን ይጠቅማል? እኛም ቃላቸውን የማንቆጥርላቸው ብዙ ምስክሮች ስላሉን ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የሆነውን ሁሉ የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ቀጥሎም በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት አያት፣ ከዚያም «አንተ ዝም በል» የሚባለው ሕፃን። ነገር ሲፈጠር ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው የቤቱ ጌታ ነው፤ እርሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤት አልነበረም። ፍትሕ የሚጎድለው ማስረጃ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው ከማይከበር አፍ ሲወጣም ይጎድላል። ቤተኛው የምስጢር ልብ ወለድ ይህን ቁም ነገር ሳይሰብክ፣ እያሳቀ ያስተምራል።

እዚህ ለተሰበሰባችሁ ወጣት ጸሓፊዎች አንድ ሐሳብ ልተውላችሁ። ይህን ዘርፍ በአማርኛ ለመጻፍ የእንግሊዝን መንደር መዋስ አያስፈልጋችሁም። ዕድራችንን አስቡት። መዝገቡን የሚይዙት እናት ማን መዋጮውን እንዳቋረጠ፣ ማን ለቀብር ሳይመጣ እንደ ቀረ፣ ማን ከሚገባው በላይ እንዳለቀሰ ያውቃሉ። ቡናቸው ከአቦል እስከ በረካ ሲፈላ ከማናቸውም የምርመራ ክፍል ይልቅ ብዙ ቃል ይሰጥበታል። ከምድጃው አጠገብ የተኛች ድመትም አትጠፋም። የቀረው የሚያዳምጥ ጸሓፊ ነው።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።