ጎተራ ከእግሩ ይጀምራል
በቤተሰብ ጉልበት የሚሠራ ባለ 10 ኩንታል የተሻሻለ ጎተራ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት

እህል ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተበጥሮ ከአውድማ ሲነሣ የዓመቱ ድካም ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በታኅሣሥ ወይም በጥር ጎተራ የገባው እህል እስከሚቀጥለው አዝመራ ድረስ ቤተሰቡን መቀለብ አለበት። በእነዚህ ወራት ውስጥ አይጥ፣ ነቀዝና ሻጋታ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጉዳቱ በተበላው እህል ብቻ አያበቃም። እህሉ እንደማይቆይለት የሚያውቅ ገበሬ አውድማው ሳይጠረግ፣ ገበያው በእህል ተጥለቅልቆ ዋጋው በወደቀበት ጊዜ ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንኑ እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። ስለዚህ ደኅና ጎተራ እህል ከመጠበቁም በላይ ገበሬው የሚሸጥበትን ወር ራሱ እንዲመርጥ ያስችለዋል።

በአገራችን የእህል ማከማቻ ዓይነቱ ብዙ ነው። በቤት ውስጥ ከጭቃና ከእበት የሚሠሩት ጎታና ዲብኝት፣ በግቢ የሚቆመው ከልምጭ ወይም ከቀርከሃ የተሠራ ጎተራ፣ ማሽላ በሚበዛበት አካባቢም ጉድጓድ ይታወቃሉ። የግቢው ጎተራ አሠራር በመሠረቱ መልካም ነው። ግድግዳውን መሥራትና መምረግ ባለቤቶቹ ከማንም በላይ ያውቁበታል። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ በታች ነው። በጥቂት ድንጋዮች ወይም በአጭር ቆጥ ላይ የተቀመጠ ጎተራ ለአይጥ እንደ ተከፈተ በር ነው። ግድግዳው የቱንም ያህል ቢያምር እግሩ ካልተስተካከለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው አሠራር ነባሩን ጎተራ የሚያስቀር ሳይሆን እግር የሚሰጠው ነው።

የሥራው ወቅት

መኸር ዋናው አዝመራ በሆነበት አካባቢ እንጨቱ በታኅሣሥና በጥር ይቆረጣል፤ ግንባታውም ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ይካሄዳል። ጎተራው በግንቦት ክዳኑን ለብሶ ባዶውን ክረምቱን ያሳልፋል። ዝናቡ በዚህ ጊዜ የክዳኑን ማፍሰስና የጭቃውን መሰንጠቅ ይገልጣልና፣ ጉድለቱ በጥቅምት ተጠግኖ አዲሱ እህል ሲደርስ ጎተራው ዝግጁ ይሆናል። የበልግ ዝናብ በሚጠናበት አካባቢ ግን የጭቃው ሥራ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለበት።

እንጨቱ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በብዙ ቦታ በቅርብ የሚገኝ የግንባታ እንጨት ነው። ይሁን እንጂ እርጥቡ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ እንደተቆረጠ ተልጦ፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ ተደርጎ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር ሁለት ወር ያህል ይከመራል። ልጡ ያልተነሣለት እንጨት ለምስጥና ለሌሎች ተባዮች መጠለያ ይሆናል።

ለአንድ ጎተራ የሚያስፈልገው የሚከተለው ነው፦

ሀ. ለእግር፦ ውፍረታቸው ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመታቸው 1.70 ሜትር የሆኑ 4 ቀጥ ያሉ ግንዶች።
ለ. ለወራጅ፦ ውፍረታቸው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመታቸው 1.50 ሜትር የሆኑ 2 ግንዶች።
ሐ. ለወለል፦ ውፍረታቸው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ተጠጋግተው የሚረበረቡ 1.50 ሜትር ርዝመት ያላቸው አጣናዎች።
መ. ለግድግዳ፦ ቀጫጭን ቋሚ እንጨቶችና የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ልምጭ።
ሠ. ለአይጥ መከላከያ፦ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ፣ ማለትም ላሜራ።
ረ. ሚስማር፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ ጭድ፣ እበትና የክዳን ሳር።

መሣሪያውም መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ዶማ፣ ሜትር፣ ቱምቢ፣ ውኃ ልክና የቆርቆሮ መቀስ ነው።

እግሮቹን ማቆም

ቦታው ውኃ የማያቁርበት፣ ከቤት ግድግዳ፣ ከአጥርና ከዛፍ ቢያንስ 2 ሜትር የራቀ ይሁን። አይጥ ወደ ላይ 1 ሜትር ያህል፣ ወደ ጎንም ከዚያ ትንሽ አልፎ ይዘላል። ስለዚህ ርቀቱም ሆነ የእግሩ ቁመት በግምት የሚቀነስ አይደለም።

አራቱ ጉድጓዶች በካሬ ቅርጽ፣ ከመሐል እስከ መሐል 1.10 ሜትር ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖራቸው ይቆፈራሉ። የሚቀበረው የእግሩ ክፍል አስቀድሞ ሬንጅ ይቀባል። ሬንጁ ከመሬት በታች ለሚውለው ክፍል ብቻ ነው፤ እህል ወደሚነካ እንጨት መድረስ የለበትም። ግንዱ ከቆመ በኋላ ጉድጓዱ በድንጋይና በአፈር እየተደለደለ ይጠቀጠቃል። ቀጥ ብሎ መቆሙ በቱምቢ፣ የአራቱ ራስ እኩል መሆኑም በውኃ ልክ ይረጋገጣል። ከመሬት በላይ የሚቀረው ቁመት 1.10 ሜትር ነው።

እንደ ምዕራብ ወለጋ ምስጥ በበረታበት ስፍራ እንጨት ከመቅበር ይልቅ እግሩን በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት ይሻላል። በሌላውም ቦታ ቢሆን በየሳምንቱ እግሩን መመልከትና ምስጥ የሚሠራውን የጭቃ መተላለፊያ ማፍረስ ያስፈልጋል።

የአይጥ መከላከያ ቆብ

የዚህ ጎተራ ዋነኛው ክፍል ይህ ነው። ከላሜራው ላይ የመሐል ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይቆረጣል። ከጠርዙ እስከ መሐሉ አንድ ቀጥተኛ መስመር ይቀደዳል፤ መሐሉም በእግሩ ውፍረት ልክ ይበሳል። ከዚያ የተቀደዱት ሁለት ጠርዞች አንዱ በሌላው ላይ እንዲደረብ ሲደረግ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ወደ ታች የተደፋ ቆብ ይወጣል። ሲደረብ መሐሉ ስለሚጠብ፣ ላሜራው ከመቆረጡ በፊት ልኩን በካርቶን ሠርቶ በእግሩ ላይ መሞከር ብክነትን ያስቀራል።

ቆቡ ወራጁ ከመጫኑ በፊት በእያንዳንዱ እግር ላይ ይጠለቃል። የታችኛው ጠርዙ ከመሬት ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች እንዳይወርድ ሆኖ በሚስማር ይያያዛል። በቆቡና በግንዱ መካከል ክፍተት መኖር የለበትም፤ የቤት አይጥ ግልገል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ባለፈ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። የላሜራው ጠርዝ እጅ ስለሚቆርጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

1 ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ አንድ ላሜራ፣ ክቦቹ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ቢቆረጡ፣ የሚወጣው 4 ቆብ ነው። አንድ ቤተሰብ ለብቻው ቢሠራ 1 ላሜራ ይበቃዋል። ሦስት ቤተሰቦች ተባብረው ቢገዙም 3 ላሜራ ለ12ቱ እግሮች በትክክል ይበቃል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ላሜራና ሚስማር በጅምላ ገዝቶ፣ የቆርቆሮ መቀስና መጋዝም በውሰት እያዘዋወረ ይህን ሊያመቻች ይችላል። ከእያንዳንዱ ላሜራ የሚተርፈው ቁራጭ ለማውጫው በር ይውላል።

ወለሉ፣ ግድግዳውና ክዳኑ

የእግሮቹ ራስ ወራጁ እንዳይንሸራተት እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ተደርጎ ይጠረባል፤ ወራጆቹም ተጭነው በሚስማርና በሽቦ ይጠብቃሉ። እህሉ፣ ጭቃውና ክዳኑ ተደምሮ እግሮቹ ከ15 ኩንታል ያላነሰ ክብደት ስለሚሸከሙ በዚህ መጋጠሚያ ላይ መቻኮል አይገባም። በወራጆቹ ላይ አጣናዎቹ ተረብርበው ይመታሉ።

ጎተራው ክብ ሆኖ የውስጥ ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ ቁመቱም 1.20 ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ የተሠራ ጎተራ 10 ኩንታል ያህል የተፈለፈለ በቆሎ ይይዛል። ቋሚዎቹ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይተከላሉ፤ ቀርከሃው ወይም ልምጩ በመካከላቸው ይጠለፋል። እህሉ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ግድግዳው ከታች፣ ከመሐልና ከላይ በጠንካራ ቀለበት ይታሰራል።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ወለሉም ግድግዳው በውስጥና በውጭ ይመረጋል። ሲደርቅ የሚታየው ስንጥቅ ሁሉ በሁለተኛ ምርጊት ይደፈናል፤ በመጨረሻም ውስጡ በእበት ይለቀለቃል። ስንጥቅ ነቀዝ የሚደበቅበትና ካለፈው ዓመት ወደ አዲሱ እህል የሚሻገርበት ቦታ ነው። በዚህ ሥራ ጎታና ዲብኝት የሚሠሩ ሴቶች ያላቸው ዕውቀት ከማንኛውም መመሪያ ስለሚበልጥ ልማት ሠራተኛው ከእነርሱ ጋር ሊመክር ይገባል።

ከግድግዳው ግርጌ 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማውጫ ይተዋል፤ ወደ ላይ የሚንሸራተት በላሜራ የተለበጠ የእንጨት በርም ይገጠምለታል። ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ የዕለቱን እህል የምታወጣው እመቤት መሰላል ሳያስፈልጋት ከእጇ ትይዩ ታገኘዋለች። ክዳኑ እንደ ባርኔጣ የሚነሣ ሆኖ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የሳር ክዳን ይመረጣል፤ ቆርቆሮ ከሆነ ቀን ስለሚግል፣ ሌሊት ደግሞ ስለሚያልበው ከሥሩ ሳር ይነጠፍለታል።

ጎተራው የማያድነው

እርጥብ እህልን የትኛውም ጎተራ አያድነውም። እህሉ በሸራ ላይ በፀሐይ ደርቆ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይገባል። ድርቀቱን ለመፈተን ደረቅ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ እህል ይደረግበታል። ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርና ለአንድ ደቂቃ በደንብ ይናጣል፤ ከዚያም 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እህሉም ወደ ሸራው ይመለስ። ሳይጣበቅ ቢቀር እንኳ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ በቆሎ፣ ስንዴና ማሽላ እርጥበቱ እስከ 13 በመቶ እንዲወርድ አንድ ሁለት ቀን ማስጣት ይበጃል።

ጎተራው ነቀዝንም ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ነቀዝ በሙቀት ቶሎ ስለሚራባ፣ አንዳንዴም ከማሳው ጀምሮ ከበቆሎው ጋር ስለሚመጣ፣ በቆላና በወይና ደጋ በቆሎውን አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አስሮ ጎተራው ውስጥ ማስቀመጥ ጥሩ መፍትሔ ነው። በከረጢቱ ውስጥ አየሩ ሲያልቅ ነቀዙ ይሞታል። ይህ ከረጢት አይጥ ከቀደደው ዋጋ ስለሌለው ባለ ቆብ እግር ያስፈልገዋል። ጤፍ ግን በነቀዝ እምብዛም ስለማይጠቃ እንዳለ ሊቀመጥ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁበት የሚገባው ፎስቶክሲን በሚል ስም የሚታወቀው የፎስፋይድ እንክብል ነው። እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። እንደዚህ ካለው የጭቃ ጎተራ ጋዙ ስለሚያመልጥ የነቀዙን እንቁላል ሳይገድል በአካባቢው ያሉትን ሰዎችና ከብቶች ለአደጋ ያጋልጣል። ሰው በሚተኛበት ቤትማ ፈጽሞ መግባት የለበትም። እንክብሉን መጠቀም የሚችለው በሚታሸግ መጋዘን ውስጥ የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው።

የልማት ሠራተኛው ቁጥጥር

የመጀመሪያው ጎተራ በልማት ጣቢያው ሳይሆን ጎረቤት በሚያየው በአንድ ገበሬ ግቢ ቢሠራ ይመረጣል። እህል ከገባ በኋላ በየ15 ቀኑ የሚከተለው ይታይ፦

1. መሰላል፣ ሞፈር ወይም የማገዶ ክምር ጎተራውን ተደግፎ ቀርቷልን? ቆቡን ከንቱ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።
2. ከሥሩ ሣር በቅሏልን? ቆቦቹስ አልላሉምን?
3. እጅ ወደ እህሉ ሲገባ ሙቀት ይሰማልን? ሽታውስ ተለውጧልን?
4. በወንፊት ሲነፋ ዱቄትና ነቀዝ ይወርዳልን?

እህሉ ከሞቀ ወይም ነቀዝ ከታየበት ሳይውል ሳያድር ወጥቶ ይሰጣ፤ ጎተራውም ተጠርጎ ስንጥቁ ይደፈን። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ሦስቱ ቤተሰቦች በየትኛው ወር ስንት ኩንታል እንደ ሸጡና በስንት ዋጋ እንደ ሸጡ በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ። ጎተራው ወጪውን መመለሱን ለሌሎቹ አባላት የሚያስረዳቸው ይህ ነው።