ስለ ዝገት፥ ስለ እሳትና ስለ እስትንፋስ

ማረሻ ዝናም ሲያድርበት ይዝጋል፤ ከሰል በማንደጃ ሲቀጣጠል ይነዳል፤ ሰውም አየር ስቦ ሲተነፍስ ሰውነቱ ይሞቃል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ላዩን ለሚመለከታቸው ሰው የማይዛመዱ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ሲመረመር ግን ሥራቸው አንድ ነው። ይህንንም ማወቅ ጥበብን ለማብዛት ብቻ ሳይሆን ነፍስን ከሞት ለማዳን ይጠቅማል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው በዚያው የሚቀሩ ሰዎች የሚሞቱት የዚህን ሥራ ምሥጢር ባለማወቅ ነውና።

አስቀድሞ የአውሮፓ ሊቃውንት የሚነድ ነገር ሁሉ ከውስጡ አንዳች ነገር እያወጣ የሚጥል ይመስላቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1774 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዛሬ ኦክሲጅን የሚባለውን የአየር ክፍል ለብቻው ለይቶ አገኘ። ይህም ከመቶ እጅ አየር 21 እጅ ያህል ነው። በዚያው ዘመን በፓሪስ የነበረው አንቷን ላቯዚዬ ነገሩን በሚዛን መርምሮ፥ ብረታ ብረት በእሳት ሲቃጠል ክብደቱ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አለመሆኑን፥ የጨመረውም ክብደት ከአየር የወሰደው ኦክሲጅን መሆኑን አስረዳ። ኋላም በ1780ዎቹ ዓመታት ከላፕላስ ጋር ሆኖ አይጥ የምትመስል ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አኖረ፤ በሙቀቷ የቀለጠውን በረዶና ከትንፋሿ የወጣውን አየር ከሚነድ ከሰል ሥራ ጋር አስተያየ። ከዚህም የተነሣ እስትንፋስ ማለት ነበልባል የሌለው፥ በዝግታ የሚነድ እሳት ነው ብሎ ፈረደ።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ነገር ምን እንደ ሆነ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1897 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮን የሚባለውን ቅንጣት አገኘ። ግዙፍ ነገር ሁሉ አቶም ከሚባሉ እጅግ ረቂቃን ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ በአቶሙም ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። አንዱ ለሌላው ኤሌክትሮን ሲሰጥ መስጠቱ ኦክሲዴሽን፥ መቀበሉም ሪዳክሽን ይባላል። አበዳሪ ያለ ተበዳሪ እንደማይገኝ፥ እንዲሁ ሰጪ ያለ ተቀባይ አይገኝም።

ኦክሲጅን ብርቱ ተቀባይ ስለ ሆነ ሥራው በስሙ ተጠራ፤ ነገር ግን ሥራው ያለ ኦክሲጅንም ይሆናል። በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ዚንኩ ኤሌክትሮን ይሰጣል፥ በመካከል ያለው ጥቍር ዱቄት ይቀበላል፤ ኤሌክትሮኖቹም በሽቦው ሲያልፉ አምፑሉን ያበራሉ።

ይህን በብረት ለማስተዋል መምህሩ ዚንክ ያልተለበጡ ሦስት ንጹሓን ምስማሮች ያቅርብ። አንዱን በደረቅ ጠርሙስ ይክደን። ሁለተኛውን ፈልቶ አየሩ በወጣለት ውሃ ውስጥ ያጥልቅ፥ በላዩም ዘይት ያፍስስ። ሦስተኛውን እኩሌታውን በውሃ፥ እኩሌታውን በአየር ያቁም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስተኛው ብቻ ዝጎ ይገኛል። ስለዚህ ብረት እንዲዝግ ውሃም ኦክሲጅንም ያስፈልጋል፤ የብረት ዕቃ በቅባት ቢታሽ የማይዝገውም ሁለቱ ስለሚከለከሉበት ነው። በዝገት ጊዜ ብረቱ ኤሌክትሮኑን ለኦክሲጅን ሰጥቶ ከእርሱ ጋር ይዋሐዳል።

ባለ እጅ ደግሞ ይህን ሥራ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በቀድሞ ዘመን የኢትዮጵያ ባለ እጆች የብረት አፈርና ከሰል በእቶን ጨምረው በወናፍ ሲያናፉ ከአፈሩ ብረት ያወጡ ነበር። የብረት አፈር ማለት ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደ ብረት ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ገና ኦክሲጅን የሚሻ ስለ ሆነ ከአፈሩ ነጥቆ ይወስዳል፤ ብረቱም ቀድሞ የሰጠውን ኤሌክትሮን መልሶ ይቀበልና ንጹሕ ብረት ይሆናል። እንግዲህ ዝገት ማለት ብረት ወደ አፈርነቱ መመለሱ ነው።

በሰው ሰውነትም ብረት አለ፤ ልኩም በአዋቂ ሰው ከ3 እስከ 4 ግራም ያህል ነው። የሚበዛው እጅ በደም ውስጥ ሄሞግሎቢን በሚባለው ነገር ይገኛል፤ ደምን የሚያቀላውም እርሱ ነው። ይህ ብረት ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ ሰውነት ሁሉ ያደርሳል። በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ከምግብ የወጡ ኤሌክትሮኖች ብረት ባለባቸው አካላት በኩል ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋሉ፤ ይኸውም ሰዎች ተሰልፈው እንስራ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ ያለ ነው። በዚህ መተላለፍ የሚገኘው ኀይል ልብን ያስመታል፥ እጅን ያንቀሳቅሳል፥ አካልን ያሞቃል። የመጨረሻው ተቀባይ ኦክሲጅን ነው፤ እርሱም ሲቀበል ውሃ ይሆናል። ኦክሲጅን ሲታጣ የመጨረሻው እጅ ጠፍቷልና ሰልፉ ሁሉ ይቆማል። አንጎልም ኦክሲጅን ፈጽሞ ካጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጐዳት ይጀምራል።

የከሰሉ አደጋ በዚህ ይታወቃል። አፈሩን ብረት የሚያደርገው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ሲሞላ ሰውን ይገድላል፤ በደም ብረት ላይ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይጣበቃልና። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ቢተነፍስም ደሙ ኦክሲጅን ሊሸከም አይችልም። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፥ ሽታም የለውም። ብዙ ሰዎች ጢሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላ ጉዳት የሌለበት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ጋዙ ከቀላው ፍም ይወጣል። ምልክቱም ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጕልበት መድከም ነው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ይሞታል።

ስለዚህ በክረምት ብርድ ጊዜ፥ ይልቁንም ሕፃናትና አራስ ባሉበት ቤት፥ ከመኝታ በፊት ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ቤት ውስጥ ሲነድም በርና መስኮት ይከፈት። የታመመ ሰው ቢገኝ በሩን ከፍቶ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ነው፤ ትንፋሹ ቢቆም እስትንፋስ መስጠት፥ ያለ መዘግየትም ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ወተት ማጠጣት ኦክሲጅንን አይተካም፤ ራሱን ለሳተ ሰውም ምንም ነገር በአፉ አይሰጥ።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በምስማሩ ያሳዩ፤ ሽማግሌዎችም በየመንደሩ ያስረዱ። የዝገትን ነገር ያወቀ ማረሻውን ይጠብቃል፤ የእስትንፋስን ነገር ያወቀ ግን ቤተ ሰቡን ይጠብቃል።