የመድኃኒት ወጪን መቀነስና መድኃኒትን በደኅንነት መጠቀም፦ የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ሁኔታ እንደ ማሳያ

አሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀናት ሲታዘዝ ታማሚው የሚያስፈልገው 21 ካፕሱል ነው። አንድ ስትሪፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 10 ካፕሱል ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው "ለጊዜው አንዱን ስትሪፕ ብቻ" ብሎ ገዝቶ ሲሄድ በእጁ የያዘው የ3 ቀን መድኃኒትና አንድ ትርፍ ፍሬ ብቻ ነው። ሕመሙ ካገረሸበት እንደገና ለምርመራ ይከፍላል፣ ምናልባትም ከቀድሞው የተወደደ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፣ በዚያ ላይ የአንድ ቀን ደመወዝ ሊያጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከዚህ ቀላል ስሌት ነው። የመድኃኒት ዋጋ መለካት ያለበት በስትሪፕ ሳይሆን በተሟላ ሕክምና ነው፤ ወጪ ሊቀነስ የሚገባውም ከመጠኑ ላይ ሳይሆን ከስሙ፣ ከሚገዛበት ቦታና ከማዘዣው ይዘት ላይ ነው።

ማሳያ እንዲሆን የተመረጠው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በጨርቃ ጨርቅና በአልባሳት ምርት ላይ ያተኮረው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ፓርኩ በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ተቋርጦ ቆይቷል፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ወደ ሥራ የተመለሰው ሠራተኛም የቆየ ዕዳና የተወደደ ገበያ ነው የጠበቀው። በሀገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። የውጭ ምንዛሪ አሠራር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ የብር ዋጋ በእጅጉ በመውረዱ፣ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡት መድኃኒቶች ዋጋም አብሮ ተነካ። ለክልሉ ቅርብ የነበረው የዓዲግራቱ አዲስ መድኃኒት ፋብሪካም ከጦርነቱ ጉዳት አላመለጠም።

የፓርኩን ሠራተኛ ከሌላው ደመወዝተኛ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው የሚያደርገው ግን በሁለት የጤና መድን ሥርዓቶች መካከል መውደቁ ነው። በ2003 ዓ.ም. ትግራይን ጨምሮ በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታሰበው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ኅብረተሰብ ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢታወጅም አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲንከባለል ቆየ። ስለዚህ በገጠር የቀረችው እናት የመድን ደብተር ሲኖራት፣ ከተማ ገብታ የስፌት ማሽን ላይ የተቀመጠችው ልጇ መድኃኒቷን ከኪሷ ትገዛለች። ይህ ክፍተት በምርምርም ሆነ በፖሊሲ ውይይት ሊሰጠው የሚገባው ክብደት የተሰጠው አይመስለኝም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ክፍተቱን የሚሸፍነው በከፊል ነው። በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት የሕክምናና የመድኃኒት ወጪን አሠሪው ይሸፍናል። ጣቷን መርፌ የወጋት ወይም መቁረጫ ማሽን የቆረጣት ሠራተኛ የመድኃኒት ደረሰኟን ይዛ መጠየቅ መብቷ ነው፤ በርካቶች ግን ከራሳቸው ከፍለው ዝም ይላሉ። ጉዳቱ በዕለቱ ካልተመዘገበ ከሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት ማስረዳት ስለሚከብድ፣ ምዝገባው የመድኃኒት ወጪን ከመቀነሻ መንገዶች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም ደግሞ አዋጁ የሕክምና ማስረጃ ላቀረበ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ማዘዣ ሳይኖር ከመድኃኒት ቤት በቀጥታ የሚገዛ ሰው የምርመራ ክፍያ ያተረፈ ቢመስለውም ይህን ማስረጃ አብሮ ያጣል።

ከግዢ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ መድኃኒቱ በነፃ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑ ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪና የወባ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ከሚሰጡት አገልግሎቶች መካከል ናቸው። የአልባሳት ፋብሪካ ሠራተኛ በአብዛኛው ወጣት ሴት በመሆኗ የቤተሰብ ምጣኔው ጉዳይ በቀጥታ ይመለከታታል፤ ጤና ጣቢያ በሥራ ሰዓት ብቻ ክፍት ስለሚሆንባት በነፃ የምታገኘውን ከግል መድኃኒት ቤት በገንዘብ ትገዛለች። እዚህ ላይ የደኅንነት ጉዳይም አለ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ እንክብልን አቅም ያዳክማል። ሁለቱን ከተለያየ ቦታ የምትወስድ ሴት ለሁለቱም ባለሙያዎች ካልተናገረች ማንም ሊያስጠነቅቃት አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የስም ጉዳይ ነው። አንድ መድኃኒት አንድ ጀነሪክ ስምና በርካታ የንግድ ስሞች ይኖሩታል። ሐኪሙ በጀነሪክ ስም ሲያዝ የፋርማሲ ባለሙያው ካሉት መካከል ርካሹን መስጠት ይችላል፤ ታማሚውም "ከዚህ በዋጋ የሚቀንስ፣ ውስጡ ግን ያው የሆነ አለ?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍረውም። ርካሽ ነውና ደካማ ነው የሚለው እምነት በሀገራችን ሥር የሰደደ ቢሆንም ለአብዛኛው መድኃኒት መሠረት የለውም። ነገር ግን ያለ ልዩነት መናገር አይገባም፦ እንደ ዋርፋሪን፣ የታይሮይድ ሆርሞንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ባሉት ላይ ጥቂት የመጠን ልዩነት ለውጥ ስለሚያመጣ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው መዘዋወር የሐኪም ክትትል ይፈልጋል።

የስም አለማወቅ ገንዘብ ከማባከን አልፎ ይጎዳል። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከመመለሴ በፊት በመድኃኒት ቤት መስኮት ስሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስለምትሰፋ ወገቧን የሚያማት አንዲት ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ኪኒን ይዛ መጣች። የአንዱ ሣጥን ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ ነበር፤ ከሁለት ቦታ ነበር የተገዙት። ሁለቱም ዳይክሎፌናክ ነበሩ። የመጣችውም ስለ ወገቧ ሳይሆን ስለ ጨጓራዋ ነበር፤ ሦስተኛ መድኃኒት ልትገዛ። አንዱን አስቀርቼ ሐኪም እንድታይ ላክኋት። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አንድ ላይ ሲወሰዱም ውጤቱ ይኸው ነው፦ ማስታገሱ ብዙም አይጨምርም፣ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ሥጋቱ ግን ያድጋል። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የተሻለ ቢሆንም ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፤ በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ተደብቆ ይገኛል።

የሚገዛበት ቦታም ዋጋ ይለውጣል። የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት ቤቶች በአብዛኛው ርካሽ ናቸው፤ ችግራቸው ዋጋ ሳይሆን አቅርቦት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት በግቢው መድኃኒት ቤት ምን እንዳለ ቢያውቅ ታማሚው በግል መድኃኒት ቤቶች ከመንከራተት ይድናል። ከዚህ በታች ወርዶ ከገበያ መደብ ወይም ከማይታወቅ ሻጭ መግዛት ግን ቁጠባ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት መሠረት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ ሀገራት ከሚገኙ 10 የሕክምና ምርቶች 1ዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው።

የመጠን ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። "የታዘዘውን ጨርስ" የሚለው የቆየ ምክር ዛሬ በምርምር እየተፈተሸ ነው፤ ለአንዳንድ ኢንፌክሽኖች ከቀድሞው አጭር ሕክምና በቂ መሆኑ ታይቷል። ቀኑን የሚያሳጥረው ግን ሐኪሙ እንጂ የታማሚው ኪስ መሆን የለበትም። ገንዘብ ካጠረ መነገር ያለበት ከመስኮቱ በፊት፣ በምርመራው ክፍል ውስጥ ነው፤ ያኔ ሐኪሙ ርካሽ አማራጭ መምረጥ ወይም አስፈላጊ ያልሆነውን ቫይታሚን ከማዘዣው ላይ መሰረዝ ይችላል። ኪኒን ለሁለት ከፍሎ ማብቃቃትም እንዲሁ ነው። መሐሉ ላይ የመክፈያ መስመር ያለው ኪኒን ባለሙያ ከፈቀደ ይከፈላል። ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ተደርጎ የተሠራ የደም ግፊት ኪኒን፣ ለምሳሌ ኒፌዲፒን ሪታርድ፣ ሲሰበር ግን ለሰዓታት የታሰበው መጠን በአንዴ ስለሚለቀቅ ግፊቱ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ማዘዣው ከፋብሪካ ሥራ ጋር መጣጣሙም የደኅንነት አካል ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ሽንት ይበዛበታል፤ ከስፌት መስመር ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት መመላለስ ሱፐርቫይዘሩን የሚያስቆጣ ከሆነ ሠራተኛው መድኃኒቱን በሥራ ቀን ይዘለዋል፣ ግፊቱም አልወረደም ተብሎ ሁለተኛ መድኃኒት ይጨመርለታል። ክሎርፌኒራሚን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት እንቅልፍ ስለሚያመጣ በመቁረጫ ክፍል ለሚሠራ ሰው ከጉንፋኑ የባሰ አደጋ ነው። በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒትም ከሌሊት ፈረቃ ጋር ይጋጫል፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ እኩል አማራጭ ካለ ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባው የታማሚውን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ፈረቃውንም ነው።

በመጨረሻ የሚነሳው የመቀሱ ጉዳይ ነው። ስትሪፕ ተቆርጦ ሲሸጥ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑና የምርት መለያ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በሻጩ እጅ ይቀራል፤ ገዢዋ የምትወስደው ስም አልባ ፍሬዎችን በወረቀት ጠቅልላ ነው፣ በላዩም "1×3" የሚል ብቻ ተጽፎበት። በቀን ሦስት ፍሬ በአንዴ ነው ወይስ አንድ አንድ ፍሬ ሦስት ጊዜ? በእንግሊዝኛ ከታተመ ማብራሪያም ብዙ ገዢ ሊጠቀም አይችልም። በወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱን ጀነሪክ ስም፣ ጥንካሬውን፣ የማብቂያ ቀኑንና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚወሰደውን በትግርኛ ለመጻፍ የሚያስፈልገው እስክሪብቶና የአንድ ደቂቃ ጊዜ ነው።