የተለካው የትኛው ከርነል ነው?

መስቀል ፍላወር አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ የክፍያ መተግበሪያ የሚሠራ ድርጅት አለ እንበል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ የላከ ሰው የማረጋገጫ መልእክቱ ወዲያው እንዲደርሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ድርጅቱ ሰርቨሮቹ በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደሚሠሩ ከመወሰኑ በፊት ሁለቱን ዕጩዎች ይለካል። አንዱ ተጠናቅቆ የወጣ ነው፤ ሌላው ገና በግንባታ ላይ ያለ የሙከራ ቅጂ። የሙከራ ቅጂው በሰፊ ልዩነት ይሸነፋል። ሰዓቱ ትክክል ነው፣ ማሽኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ደጋግመው ቢለኩትም ቁጥሩ ያው ነው። ድምዳሜው ግን ፍጹም የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የሙከራ ቅጂው ከርነል ደንበኛን ለማስተናገድ ሳይሆን የራሱን ስህተት ለማደን ተዘጋጅቶ የተገነባ ነው።

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ሜሞሪ የሚያከፋፍለው፣ ፕሮሰሰሩን ለየፕሮግራሙ በተራ የሚሰጠው፣ ከዲስክና ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የተሠራ ስህተት ማሽኑን በሙሉ ስለሚያቆም፣ የከርነል ሠሪዎች ሲፈልጉ የሚያበሯቸው ልዩ ልዩ ማደኛዎችን አብረው ይጽፋሉ። ዋነኞቹ ሎኮችን የሚከታተሉት ናቸው። ሎክ ሁለት የፕሮሰሰር ኮሮች አንድን መረጃ እኩል ነክተው እንዳያበላሹት የሚያግድ መቆለፊያ ነው። አንዱ ኮር የመጀመሪያውን ሎክ ይዞ ሁለተኛውን ሲጠብቅ፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ከጠበቀ ሁለቱም እዚያው ደርቀው ይቀራሉ። ፍሪቢኤስዲ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዊትነስ የሚባለው፣ በሊኑክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የገባው የኢንጎ ሞልናር ሎክዴፕ፣ ሎኮች የሚያዙበትን ቅደም ተከተል እየመዘገቡ እንዲህ ያለውን አደጋ ከመድረሱ በፊት ያጋልጣሉ። ኬሳን የሚባለው የሊኑክስ ማደኛ ከዚህም ይብሳል፤ ከርነሉ ሜሞሪ በነካ ቁጥር መንካት ይገባው እንደነበር ያጣራል። ለዚህ መዝገብ በተለመደው አሠራሩ ለየ8 ባይቱ 1 ባይት ይይዛል። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ካለው ማሽን 2 ጊጋባይቱ ለመዝገብ ሄደ ማለት ነው።

ማደኛዎቹ ከርነሉን ማዘግየታቸው የተደበቀ ነገር አይደለም። ፍሪቢኤስዲ በግንባታ ላይ ባለው ቅርንጫፉ ማደኛዎቹን ሆን ብሎ አብርቶ ይተዋል፤ ከምንጭ ኮዱ ጋር የሚመጣው የማሻሻያ ማስታወሻም ሥርዓቱ ቀርፋፋ ለሚመስላቸው ሰዎች ምክንያቱን ገና ከመግቢያው ይነግራል። ዊትነስ የበራበት ከርነል ማሽኑ ሲነሳ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ በስክሪኑ ላይ ያስጠነቅቃል። ሎክዴፕ ያለበት ሊኑክስም ሲነሳ የሞልናርንና የሬድ ሃት ኩባንያን ስም ከእ.ኤ.አ. 2006 ጋር በመልእክት መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ችግሩ እነዚህን መስመሮች የሚያነብ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ማሽኑ ሲነሳ በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ሽው ብለው ያልፋሉ፤ በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚገባው ቁጥሩ ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ከርነል ላይ የተለካ ቁጥር አይታመንም ሲባል የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሒሳብ ሠራተኛ የሚመጣ ዓይነት ነው፤ ማደኛው ይህን ያህል በመቶ ያዘገያል ካልን፣ ያንኑ ቀንሰን እውነተኛውን ማግኘት አያቅተንም። ያቅተናል። በደሞዝ ሰሞን ካዛንቺስ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ከገንዘብ ከፋዩ አጠገብ ኦዲተር ቢቀመጥና እያንዳንዱን ማዘዣ ከመዝገብ ጋር ቢያመሳክር፣ ጠዋት ብቻውን የገባው ደንበኛ ጥቂት ደቂቃ ቢጨመርበት ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን ሰልፉ በር ላይ ይደርሳል። ከርነል ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ ጥያቄ 10 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ 9ኙ ኮሩ ለብቻው የሚሠራበት፣ 1ዱ ሎክ ይዞ የሚቆይበት። አንድ ኮር በሰከንድ 100,000 ጥያቄ ይጨርሳል። ሎኩ በተራ ስለሚያዝ የመላው ሰርቨር ጣሪያ 1,000,000 ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ 10 ኮር ይበቃል። ማደኛው በርቶ ሎኩ የሚያዝበት ጊዜ 3 ማይክሮሰከንድ ቢሆን፣ የአንድ ኮር ውጤት ወደ 83,000 ይወርዳል፤ የ17 በመቶ ያህል ጉድለት ነው። በ10 ኮር ሲለካ ግን ጣሪያው 333,000 ገደማ ላይ ይቀራል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ጠፋ። እንግዲህ የትኛው በመቶ ነው የሚቀነሰው? አሁን 8 ማይክሮሰከንድ ለብቻው የሚሠራ፣ 2 ማይክሮሰከንድ ሎክ የሚይዝ፣ ማደኛ የሌለበት ተፎካካሪ እናምጣ። የእሱ ጣሪያ 500,000 ነው። ሪፖርቱ ተፎካካሪውን 500,000 ለ333,000 አሸናፊ ያደርገዋል፤ ማደኛው ቢጠፋ ኖሮ 1,000,000 ለ500,000 ይሸነፍ ነበር። ምስጠራን የመሰለ፣ ከርነሉን እምብዛም የማይጠራ ስሌት ቢለካ ደግሞ ማደኛው መኖሩም ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ዕጩዎች ማደኛቸው በርቶ ቢለኩ እንኳ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ሎክ የሚያበዛው ሥርዓት ከሌላው የበለጠ ይቀጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለና ቴክኒክ ከሚያውቅ ሰው የሚመጣ ነው፤ ማደኛውን በትእዛዝ አጥፍቶ መለካት ይቻላል ይላል። በከፊል እውነት ነው፤ ዊትነስን ማሽኑ እየሠራ ማጥፋት ይቻላል። ከከርነሉ ጋር አብሮ የተገነባው ግን በትእዛዝ አይነቀልም። በተለመደው የ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ስፒንሎክ የሚባለው መደበኛ ሎክ 4 ባይት ነው፤ የሎክ ማደኛዎቹ ተጨምረው ሲገነባ በአሥሮች የሚቆጠር ባይት ይሆናል። የፕሮሰሰሩ ካሽ፣ ማለትም ፈጣኑ ጊዜያዊ ማከማቻው፣ ሜሞሪን የሚያነሣው በ64 ባይት ጥቅል ስለሆነ፣ ቀድሞ አብረው በአንድ ጥቅል ይገቡ የነበሩ መረጃዎች ይበታተናሉ፤ ማደኛው ዝም ቢልም ዕቃው የተደረደረበት ቦታ ተለውጧል። ሎክዴፕ ደግሞ ከዚህም የሚገርም ጠባይ አለው፤ የመጀመሪያውን ስህተት እንዳገኘ ሪፖርቱን ጽፎ ራሱን ያጠፋል። ያ በልኬቱ መሃል ቢደርስ፣ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ድንገት ይፈጥናል። ይህን ያላወቀ ለካሚ ለውጡን የካሽ መሞቅ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

እንግዲያውስ ማደኛ ይቅር የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ከሁሉም የከፋ ምክር ነው። ሁለት ኮሮች ደርቀው የሚቀሩበት ስህተት በሙከራ ክፍል ካልተያዘ የሚገለጠው ክፍያ በሚበዛበት ሰዓት ነው፤ መስቀል ፍላወር ያለው ድርጅትም ማደኛው በበራ ከርነል ላይ መተግበሪያውን ሳምንት ሙሉ ቢያስጨንቀው ያተርፋል። መለየት ያለበት ሥራው ነው፤ ስህተት የሚታደንበት ከርነል አንድ፣ ፍጥነት የሚለካበት ሌላ። ለዚህም ሲባል ፍሪቢኤስዲ ማደኛዎቹ የጠፉበት ዝግጁ የግንባታ ዝርዝር ከሙከራ ቅጂው ጋር ያቀርባል። ወሰኑ ግን ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሊኑክስ 5.12 የገባው ኬፌንስ ሁሉንም የሜሞሪ ድልድል ከመቆጣጠር ይልቅ፣ ካልተለወጠ በቀር በየ100 ሚሊሰከንዱ አንዱን ብቻ ናሙና ይወስዳል፤ የተሠራውም በእውነተኛ ሥራ ላይ በርቶ እንዲቆይ ነው። እንዲህ ያለው ማደኛ የልኬቱ ጠላት አይደለም። የድርጅቱ ደንበኞች በሚገለገሉበት ሰርቨር ላይ ኬፌንስ በርቶ የሚውል ከሆነ፣ የሚያሳስተው ቁጥር እሱን አጥፍቶ የተለካው ነው።