ጌሾ ወይስ ቡና? የሁለት ዘወትር አረንጓዴ የጓሮ ተክሎች ንጽጽር



የዛሬው ንግግሬ የተነሣው ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ጓሮ ተክሎች ገለጻ አድርጌ ስጨርስ፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ አንዲት እናት ቀርበው «መምህር፣ ከቤቴ ጀርባ ለአንድ ተክል ብቻ የሚበቃ ቦታ አለኝ። ክረምት ከበጋ ለምለም ሆኖ የሚጠቅመኝ ምን ልትከል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ «ቡና ይትከሉ፣ እናቴ» አልኋቸው። በሁለተኛው ዓመት ተመልሰው መጡ። «መምህር፣ ቡናው እኮ በኅዳር ውርጭ ተመቶ ደረቀ» አሉኝ። ጨዋታችን ሲረዝም፣ ጠላ ጠምቀው በመሸጥ እንደሚተዳደሩና ጌሾውን ሁልጊዜ ከገበያ እንደሚገዙ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ልጠይቃቸው ሲገባኝ ያልጠየቅኋቸውን ዛሬ በፊታችሁ ላነሣው እወዳለሁ።

ቡናም ጌሾም ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዘወትር አረንጓዴ ተክሎች ይመደባሉ። «ሰፊ» ሲባል እንደ እንሰት ቅጠል ግዙፍ ማለት አይደለም፤ እንደ ጽድ ካለው ደቃቅ ቅጠል የተለየ፣ ዝርግ ገጽ ያለው ማለት ነው። «ዘወትር አረንጓዴ» ማለትም ቅጠል የማያረግፍ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ቅጠል ዕድሜ አለው፤ ያረጀው ሲወድቅ አዲሱ ስለሚተካ ተክሉ ራቁቱን አይቀርም። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ በጋውን የሚያሳልፍ ዛፍ የውኃ ፍላጎቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ዘወትር አረንጓዴ የሆነው ግን በደረቁ ወራትም ውኃ ይሻል፤ በብርድ ወራትም ቅጠሉ እንደተዘረጋ ውርጩን ይጠብቃል። ስለዚህ የለምለምነትን ውበት ብቻ አይቶ መትከል አይበቃም።

ሁለቱን በችግኝነታቸው ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ቁም ነገር ነው፤ ሁለቱም የሚያብለጨልጭ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል አላቸውና። የቡና ቅጠሎች በግንዱ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ጠርዛቸው ጥርስ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ እንደ ማዕበል ይወዛወዛል። የጌሾ ቅጠሎች ግን አንዱ በአንድ ወገን፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ በሌላው ወገን እየተፈራረቁ ይወጣሉ፤ ጠርዛቸውም እንደ መጋዝ ደቃቅ ጥርስ አለው። የቡና አበባ ነጭና መዓዛው የሚያውድ ሲሆን፣ የጌሾ አበባ አረንጓዴ መሳይና እጅግ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ንቦች ግን አይስቱትም፤ ቀይ ሆኖ በኋላ የሚጠቁረውን ፍሬውንም ወፎች ይለቅሙታል።

ወደ ዋናው ልዩነት ስናልፍ፣ መጀመሪያ የምናገኘው የቦታ ጉዳይ ነው። ኮፊያ አራቢካ የተባለው ቡናችን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ልጅ ነው። ከረጃጅም ዛፎች ሥር፣ በተጣራ ብርሃንና በለዘበ አየር ውስጥ የኖረ ተክል በመሆኑ፣ የሚስማማው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ውርጭን ፈጽሞ አይችልም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ሲረጋ ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ፣ በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣም ቅጠሉ በእሳት እንደተለበለበ ይጠቁራል። ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚባለው ጌሾ ግን በደን ዳርና በወንዝ ዳር የሚበቅል፣ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች የተሠራጨ ቁጥቋጦ ነው። በአገራችን ከወይና ደጋ አልፎ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከፊል ጥላንም ሙሉ ፀሐይንም ይችላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ውርጭ የሚጎበኛት ከተማ ናት። የእኚያን እናት የመኖሪያ ስፍራ ስሰማ፣ ቡና የሚለው ቃል ከአፌ መውጣት አልነበረበትም።

ሁለተኛው ልዩነት ከተክሉ በምንወስደው ነገር ላይ ነው። ከቡና በዋናነት የምንወስደው ፍሬ ነው፤ ሐረር ላይ ከቅጠሉ ቁጢ እንደሚፈላ ባልዘነጋም። ቅጠሉ ፍሬውን የሚመግብ ማድቤት ስለሆነ ተጠብቆ መኖር አለበት። ቡና እንደ ብዙዎቹ የፍራፍሬ ዛፎች የበዛበትን ፍሬ በወቅቱ አራግፎ ሸክሙን አያቀልም። ጥላ በሌለበትና አፈሩ በተጎሳቆለበት ቦታ ከዓቅሙ በላይ ሲያፈራ ቅጠሉ ይመናመናል፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል፤ በቀጣዩ ዓመትም ምርቱ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ቡና የሚያብበው በአብዛኛው ባለፈው ወቅት በወጣው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ለጓሮው ቅርጽ ብቻ ብሎ ያለ ጊዜው የሚገርዘው ሰው የመጪውን ዓመት ፍሬ ቆርጦ ይጥላል። የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየትም ሦስት አራት ዓመት መታገሥ ግድ ነው።

ከጌሾ ግን የምንወስደው ራሱን ቅጠሉንና ለጋ እንጨቱን ነው። ለጠላም ለጠጅም ምሬትና ጠባይ የሚሰጠው እርሱ ነው። የጌሾ ጫፍ ሲቀነጠብ፣ ጫፉ ከሥሩ ያሉትን እምቡጦች ይዞበት የነበረው ልጓም ይላላል፤ ጎንና ጎኑ ያቆጠቁጣል፣ ተክሉም እየደጎሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጌሾ ለአጥርነት ሲከረከም ምርት ይሰጣል፤ ምርቱ ሲሰበሰብም አጥሩ ይስተካከላል። ቅጠሉ ስለሚደርቅ አንድ ወር ብቻ አይጠበቅም፤ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለገበያ ወይም ለጥንስስ ይደርሳል። ነገር ግን ጌሾም ሕያው ነውና ወሰን አለው። በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተመለጠ ቁጥቋጦ አዲስ ቅጠል ለማውጣት በሥሩና በግንዱ ያለውን ስንቅ ይጨርሳል፤ ይህም በበጋ ሲሆን ጉዳቱ ይከፋል። ከየቅርንጫፉ ጥቂት ወስዶ ብዙውን መተው የጥንቁቅ አዝመራ ሰብሳቢ ሥርዓት ነው።

ሁለቱ ተክሎች ባላንጣ እንዳልሆኑ ለማየት የሚሻ ወደ ዘጌ ይሂድ። በጣና ሐይቅ ዳር፣ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በሚገኘው በዚያ ልሳነ ምድር፣ ቡናና ጌሾ በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ይኖራሉ። የአገሩ ትውፊት ነገሩን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል፤ ሕዝቡ በበሬ ሳያርስ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር ቃል ኪዳን እንደተሰጠ ይነገራል። የዕፅዋት ተመራማሪም ይህን ትውፊት በአክብሮት ቢያደምጥ ይጠቀማል። መሬቱ ባለመታረሱ ዛፉ ቆሞ ቀረ፤ ዛፉ በመቆሙ ቡናው ጥላ አገኘ፤ ከቡናው የዓመት፣ ከጌሾው የየገበያው ቀን ገቢ ተገኘ። ሁለቱ ተክሎች የሰውን ችግር በተለያየ ጊዜ ይደርሱለታል።

እንግዲህ አንድ ተክል ብቻ የሚችል ጓሮ ያለው ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። ቦታዬን ውርጭ ይጎበኘዋልን? ከጎበኘው ነገሩ ተወስኗል፤ ጌሾ ይትከል፣ ለዚያውም ቀዝቃዛ አየር ከሚተኛበት ጎድጓዳ ስፍራ ይልቅ ከግድግዳ አጠገብ። ውርጭ ከሌለ፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ አለኝን? ዋንዛ ወይም ብርብራ ካለው ቡናው ይደላዋል። በመጨረሻም፣ የምፈልገው በዓመት አንድ ጊዜ የሚለቀም ፍሬ ነው ወይስ ደጋግሜ የምቀነጥበው ቅጠል? የትኛውንም ቢመርጥ ብስባሽ ይጨምርበት፤ ሥሩን በደረቅ ሣር ይጎዝጉዝለት፤ የመጀመሪያዎቹን በጋዎችም ውኃ አይንፈገው።

ለእኚያ እናት እነዚህን ጥያቄዎች ያነሣሁላቸው ሁለት ዓመት ዘግይቼ ነው። እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም፤ ቡናው በደረቀበት ቦታ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ጌሾ ተክለዋል። አቀነጣጠቡን ላስረዳቸው ስጀምር ፈገግ ብለው «እሱን እንኳ ለእኔ ተወው» አሉኝ። እኔም ተውሁት።