“አስቀያሚ ወላጆች!” ልጄ በሆኪ ሜዳ የሰደበኝ ቀን

ልጅ ወላጁን በአደባባይ ሲሰድብ በእኛ ደንብ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። እኔን ግን ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ማታ የገዛ ልጄ ከብዙ መቶ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ በሙዚቃ ጓድ ታጅቦ ሰደበኝ። ሽማግሌ አልተቀመጠም። ይልቁንስ ነገሩን ለእናንተ ላካፍል ወሰንኩ፤ ምክንያቱም እንደኔው ልጁን ኮሌጅ አስገብቶ “እዚያ ምን እየሠራ ይሆን?” እያለ የሚብሰለሰል ወላጅ በየከተማው ሞልቷል።

ነገሩ የጀመረው በእናቱ ነው። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስገባ “ልጅህ ትናንት ደጅ አደረ” አለችኝ። ደነገጥኩ። ምን አጥፍቶ ነው? ማንስ አስወጣው? ስል ጠየቅሁ። ለካስ የቅዳሜውን የሆኪ ግጥሚያ በጥሩ ቦታ ለማየት ሲሰለፍ ነው ያደረው! በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚለው አንባቢ ያውቀዋል። እኛ ሰልፍ ሸሽተን በመጣንበት አገር ልጃችን በፈቃዱ፣ ያውም በዚያ ብርድ፣ ለጨዋታ ተሰለፈ። የሌሊት ፈረቃ እየገባሁ ክፍያ የምከፍለው ለዚህ ነው ወይ? ብዬ ተቆጣሁ። ቅዳሜ ሳልነግረው መኪናዬን አስነሥቼ የአራት ሰዓት መንገድ ነዳሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ለልጁ ስል አልጠቅስም፤ መካከለኛው ምዕራብ ውስጥ ነው ማለት ይበቃል።

ከቲኬት መስኮቱ ደርሼ “ርካሹን ስጪኝ” አልኳት። ርካሹም ተገኘ። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የበረዶ ላይ ገና

ሆኪን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በበረዶ በተሠራ ሜዳ ላይ፣ በረኛውን ጨምሮ ከየቡድኑ ስድስት ስድስት ሰው፣ ስለት ያለው ጫማ አድርጎ፣ ጫፉ በቆለመመ በትር አንዲት ጥቁር የጎማ ቁራጭ ያሯሩጣል። ፓክ ይሏታል። ክብደቷ ወደ 170 ግራም፣ ውፍረቷ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ግድም ነው። ጨዋታው በሃያ በሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይካሄዳል። ቀላል ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ በታጠረ ክፍል ውስጥ እንደ እስረኛ ይቀመጣል፤ እስከዚያው ቡድኑ በጎደሎ ይጫወታል።

ለእኛ ግን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ልደት ሲደርስ ቆልማማ በትር ቆርጠን፣ በየሜዳው ሩር ስንመታ ያደግን ሰዎች ነን። ያንን የገና ጨዋታ በረዶ ላይ አስቡት። ሌላም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። በገና ጨዋታ ጌታውም ሎሌውም እኩል ይጋፋል፤ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይዘልፋል፤ “እኔን ማን ብለህ ነው!” ብሎ የሚቀየም ጌታ የለም። የዕለቱ ፈቃድ ነው። ሲመሽ ሁሉም በየማዕረጉ ወደ ቤቱ ይገባል።

ካታንጋና ጥላ ፎቅ

አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ሰው ሁሉ የመቀመጫውን ሥርዓት ያውቃል። ጥላ ፎቅ የተቀመጠው ያጨበጭባል፤ ካታንጋና ሚስማር ተራ ያለው ይዘፍናል፣ ይጮኻል፣ ዳኛውን ያንቀጠቅጣል። በአሜሪካ ኮሌጆችም ሥርዓቱ ያው ሆኖ አገኘሁት። ገንዘብ ያላቸው የቀድሞ ተማሪዎችና የከተማው ሰዎች ከሜዳው ግራና ቀኝ ባለው ደህና ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ግብ በስተኋላ፣ ወይም በአንድ ማዕዘን ታጭቀው ይቆማሉ። ወንበር አላቸው፤ ግን አይቀመጡበትም። ቦታውም በስም የተያዘ ስላልሆነ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል፤ ሰልፉም የመጣው ከዚህ ነው።

ለምን ከግብ ኋላ? በረኛውን ለማሸበር ነዋ! ቡድኖቹ በየሃያው ደቂቃ ግብ ስለሚቀያየሩ፣ የእንግዳው ቡድን በረኛ ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ አንዱን፣ ዕድሉ ከጎደለም ሁለቱን፣ ያን ሁሉ ጩኸት በጀርባው ተሸክሞ ይቆማል። አንድ ጎል ሲገባበት ተማሪው ሁሉ ጣቱን ወደ እሱ እየወረወረ “ወንፊት! ወንፊት!” ይለዋል። የገቡትን ጎሎች አንድ ሁለት እያለ ይቆጥርለታል፤ ጥፋቱም የሌላ የማንም እንዳልሆነ ያስታውሰዋል። ይህ “ወንፊት” የሚለው ስድብ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በሁሉም የኮሌጅ ሆኪ ሜዳ የታወቀ ነው። እኔም ሰምቼ “ይህስ የእናቴ ቤት ስድብ ነው” ብዬ ሳቅሁ።

ትምህርት ቤቶቹ ይህን ጩኸት እንደ ሀብት ነው የሚያዩት። ፔን ስቴት የተባለው ዩኒቨርሲቲ ቴሪ ፔጉላ ከሚባሉ ባለጸጋና ከባለቤታቸው በ2010 88 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ስጦታው ኋላ ወደ 102 ሚሊዮን አደገ። በዚያ ገንዘብ የተሠራው የሆኪ አዳራሽ በ2013 ሲከፈት፣ ከአንዱ ግብ በስተኋላ ሽቅብ የቆመ፣ ወደ አንድ ሺህ ተማሪ የሚይዝ መደዳ ተዘጋጅቶለት ነበር። ያንን ቦታ ለሀብታም በውድ መሸጥ ይቻል ነበር። ግን ጩኸቱ ከሌለ ሀብታሙም አይመጣም። ጥላ ፎቅ ከሚያየው ነገር ግማሹ ካታንጋ አይደለም እንዴ?

ዶሮ፣ ዓሣና ጋዜጣ

በዚህ ነገር ስማቸው ከሚጠራው ሁሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱ ናቸው። ኒው ዮርክ ስቴት ኢታካ ከተማ ያለው ላይና የተባለው ሜዳቸው በ1957 የተከፈተ ነው። ቡድናቸው በ1970 ሃያ ዘጠኝ ግጥሚያ ተጫውቶ ሃያ ዘጠኙንም አሸንፎ ሻምፒዮን ሆኗል። ከሃርቫርድ ጋር ያላቸው ጠብ ግን ከዋንጫው ይበልጥ ይወራል። ኮርኔል የእርሻ ኮሌጅ ስላለው፣ በ1970ዎቹ አንድ የሃርቫርድ ደጋፊ “ገበሬዎች!” ለማለት በኮርኔል በረኛ ላይ የሞተ ዶሮ ወረወረ ይባላል። ኮርኔሎችም በተራቸው “እናንተ የባሕር ዳር ሰዎች” በማለት ዓሣ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሃርቫርድ ኢታካ በመጣ ቁጥር ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ ዓሣ ይዘንብባቸዋል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን ዳኛው የሚቀጣው የባለሜዳውን ቡድን ስለሆነ፣ ወርዋሪው የገዛ ወገኑን ይጎዳል።

እኛን ጋዜጠኞችን የሚነካም አለ። የእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ የኮርኔል ተማሪዎች ጋዜጣ ዘርግተው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። “እናንተን ከማወቅ ማስታወቂያ ማንበብ ይሻላል” ማለታቸው ነው። ጋዜጣ በዚህ ዘመን ይህን ያህል ፈላጊ ማግኘቱ ያስደስታል።

በሚሺጋን ደግሞ ዮስት የሚባል አዳራሽ አለ፤ በ1923 ተሠርቶ በ1973 ወደ በረዶ ሜዳ የተለወጠ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸውን “የዮስት ልጆች” ይላሉ። እነሱ ከሚታወቁባቸው ጩኸቶች አንዱ የእንግዳው ቡድን ቤተሰቦች ወደ ተቀመጡበት አቅጣጫ እየጠቆሙ “አስቀያሚ ወላጆች!” ማለት ነው።

ወደ እኔ ጉዳይ የምመለሰውም እዚህ ላይ ነው። ልጄ ያለበት ትምህርት ቤትም ይህንኑ ልማድ ወስዶታል። እኔ ደግሞ በርካሽ የገዛሁት ወንበር በእንግዶቹ ወላጆች መካከል ኖሯል።

ጣቱ ሲወርድ

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጋመስ ፊሽካ ተነፋ። ከማዶ የተማሪው ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ወደ እኛ ዞረ፣ ጣቱን ቀሰረ፣ ጮኸ። አጠገቤ ያሉት ፈረንጆች እጃቸውን እያውለበለቡ ሳቁ። እኔ ግን ከሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጄን አየሁት። እሱም አየኝ። ጣቱ ቀስ እያለ ወረደ።

በእረፍቱ ሰዓት አዳራሹን ዞሮ እየሮጠ መጣ። “አባዬ! እዚህ ምን ትሠራለህ?” “ስሰደብ ነዋ!” አልኩት። ፊቱ ሲቀላ ባየሁ ጊዜ ይዤው የመጣሁት ቁጣ ግማሹ ጠፋ።

ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ የእንግዳው በረኛ እናት ኖራለች። “አይዞህ፣ እኛ ለምደነዋል” አለችው ለልጄ። ወደ እኔ ዞራ ግን እንዲህ አለች፦ “እኔን አስቀያሚ ቢሉኝ ግድ የለኝም። ልጄን ወንፊት ቢሉትም ጨዋታ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ግን የእህቱን ስም ከየት እንዳገኙት አላውቅም፣ እየጠሩ በብልግና ዘፈኑባት። ልጅቷ አጠገቤ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው።”

እኔም ሆንኩ ልጄ መልስ አልነበረንም። ቀና ስል ከግቡ በላይ የተሰቀለውን መረብ አየሁ። በ2002 ኮለምበስ ኦሃዮ በተደረገ የፕሮፌሽናል ግጥሚያ ከሜዳ የወጣ ፓክ የመታት የ13 ዓመት ልጅ ከሞተች በኋላ፣ ያ ሊግ በየሜዳው ከግቦች በስተኋላ መረብ እንዲሰቀል አዘዘ፤ ዛሬ በኮሌጆችም የተለመደ ነው። ለፓክ መረብ ተገኘለት። ከሕዝብ አፍ ለሚወጣው ግን ከሕዝቡ ራሱ በቀር የሚያግደው የለም።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ዋናውን ጥያቄዬን ጠየቅሁት። “ለዚህ ነው ደጅ የምታድረው?” ጥቂት ዝም አለና የነገረኝን ልጻፈው፦

“መጀመሪያ የገባሁ ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጥቁር እኔ ብቻ የሆንኩ መሰለኝ። የሚመጣው ቡድን ውስጥ አንድ ጥቁር ተጫዋች ነበረ። ከኋላችን አንዱ አንድ ቃል ወረወረበት፤ የትኛውን ቃል እንደሆነ ታውቀዋለህ። እኔ ምንም አላልኩም። ከፊቴ የቆመው ልጅ ግን ዞሮ ‘እዚህ እንዲህ አይባልም’ አለው። ሌሎቹም ጮኹበት። አስተናባሪ መጥቶ አስወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነዚያ ልጆች ጋር ነው የምቆመው። ስድስት ነን። በተራ እየተሰለፍን አንዱ ለሌላው ቦታ ይይዛል። ረቡዕ ተራው የእኔ ነበረ።”

“እቁብ ነዋ!” አልኩት። “አዎ፣ እንደ እማዬ እቁብ” አለኝ።

የተናገረው ቃል ከሜዳ ውጭም ብቅ ማለቱን አንባቢ ይወቅ። ኬአንድሬ ሚለር የተባለው ጥቁር ተጫዋች ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ለኒው ዮርክ ሬንጀርስ በፈረመ ሰሞን፣ በሚያዝያ 2020 ቡድኑ በቪዲዮ ከደጋፊዎች ጋር ሲያስተዋውቀው፣ አንድ ሰው ያንኑ ቃል ደጋግሞ ጻፈበት። እዚያ ጎረቤት ሆኖ “አይባልም” የሚል አልነበረም። ልጄ የሚቆምበት ቦታ ላይ ግን ነበረ። ልዩነቱ ይኸው ነው። የገና ጨዋታም ያለ ቀያሚ የኖረው ዘለፋው የት እንደሚቆም ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። በረኛ ወንፊት ይባል፤ ወላጅም አስቀያሚ ይባል፣ እንሸከመዋለን። የልጅቷ ስምና የሰው ቆዳ ግን የጨዋታው አካል አይደሉም። ይህን ከተማሪዎቹ ዋና አጯጯሂዎች ይልቅ አጠገብ የቆመው ተራ ልጅ ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ለጨዋታ ተሰለፈ ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ከነማን ጋር እንደሚሰለፍ ጠይቁት። ቢቻል አንድ ቀን ሂዱና እዩ። በተለይ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ለምትኖሩት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ስለሆነ ሰበብ የላችሁም። ወፍራም ካፖርት ልበሱ። ቲኬት ስትገዙም የእንግዶች ወላጆች የሚቀመጡት የት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እሑድ ማታ ቤት ስደርስ እናቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ተቆጣኸው?” አለች።

“ጓንት ገዛሁለት” አልኳት። “የሚቀጥለው ረቡዕ ተራው ነው።”